ከሁለት እስከ ስምንት

ብልቃጡን በመዳፉ ይዞ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ከአንድ ሰዓት በፊት ውስጡ ድርቅ ያለ በረዶ ነበር፤ አሁን ሟሙቶ ቀይ ፈሳሽ ሆኗል። ቢያገላብጠው፣ ቢያተኩርበት፣ ከቅዳሜው የሚለይበት ነገር አጣ።

ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «በረዶው» ይለዋል። የሚስቱ መድኃኒት ቅዳሜ ሲደርስ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ተዘግቶ ስለነበር፣ «የቅዝቃዜን ነገር ለእኔ ተዉት» ብሎ ቤቱ ወሰደው። ካርቶኑ ላይ «ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ» ተብሎ ተጽፏል። የሱ ደንበኞች ግን በማግስቱ በረዶ ካላዩ ፍሪጁ ተጠግኗል ብለው አያምኑም፤ እጁ ለምዶበት የፍሪጁን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አዞረው።

ፋርማሲስቷ አስረድታው ነበር። የፊተኛው መድኃኒት የሚስቱን ልብ ጎድቶታል። ይሄኛው በዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች ውስጥ ታሽጎ ይገባል፤ ልቧን እምብዛም ሳይነካ ያልፍና የካንሰር ዕጢዋ ጋ ሲደርስ ይለቀቃል። «በረዶ ሠርቶ ቅንጣቶቹ ከፈረሱ ግን ያው የድሮው መድኃኒት ነው» ብላዋለች። ሐኪሙ ደግሞ «ያለ ሕክምና ከዚህ በላይ መቆየት የለባትም» ብሏል።

«ምን ትገተራለህ? ወረፋችን ሊያልፍ ነው» አለች ሚስቱ ከበር ላይ። ከወር ወዲህ ዛሬ ገና ከንፈሯን ተቀብታለች።

ሊነግራት አሰበና ብልቃጡን ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሙሉ እሷ አወራች። 

ሆስፒታል ሲደርሱ ፋርማሲስቷ ብልቃጡን አየት አድርጋ ቅጽ አወጣች። «ጋሼ፣ ቅዝቃዜው ከሁለት በታች ወርዶ ነበር?»

ሚስቱ ቀደመችው። «እሱን ነው የምትጠይቂው? ሰፈሩ በሙሉ ሥጋውን በሱ አምኖ ነው የሚያድረው።»

ፋርማሲስቷ ሳቀችና እስክሪብቶ አቀበለችው። «እንግዲያው እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።»

ማን ያውቅብኛል? አለ በልቡ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ግን ዛሬ በሷ ልብ መጫወት ነበር።

«ሌላ ለማስመጣት ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ከሦስት ሳምንት አያንስም። ለምን?»

የሚስቱ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ምነው?»

«በረዶ ሠርቶ ነው ያደረው። ጠዋት አይቼዋለሁ። ልነግርሽ ፈልጌ አፈርኩ።»

ፋርማሲስቷ ካርቶኑን ዘግታ ወደ ራሷ ሳበችው። ሚስቱ አሁንም እሱን ታያለች።

«አንተ? ከሰው ሁሉ አንተ?»

«እኔ ነኝ።»

ፊቷን አዞረች። እሱ ቅጹ ላይ ጎንበስ ብሎ «አዎ» የሚለውን አከበበ፤ «ምክንያት» በሚለው ሥር «የፍሪጁን ማስተካከያ እኔ አዙሬው» ብሎ ጻፈና ሰፈሩ በማይጠራበት ሙሉ ስሙ ፈረመ።