ልጃገረዷ አዋላጅ

እልልታው ገና አላባራም፤ የእማማ ወለተ ጊዮርጊስ ፊት ግን ተለወጠ። ሕፃኗ በደህና ተወልዳለች፤ የእንግዴ ልጁም ተከትሎ ወጥቷል። የአራሷ የማሬ ደም ግን አልቆመም። ከመደቡ ወርዶ መሬቱን ማራስ ጀመረ።

"ገበያው!" ብለው ደጅ የቆመውን ባሏን ተጣሩ። "ሰቆጣ ውረድ። ያቺን የጤና ጣቢያዋን ልጅ ይዘሃት ና!"

ገበያው ክው አለ። በዚያ መንደር ሴት ሁሉ የምትወልደው በእማማ ወለተ ጊዮርጊስ እጅ ነው። ይታየሽ የምትባለው ነርስ ጎንደር ተምራ ሰቆጣ ከመጣች ወዲህ፣ "አዋላጆች ይምጡና አብረን እንማማር" እያለች በየገበያው ብታስለፍፍም፣ እሳቸው "ራሷ ያልወለደች ልጃገረድ ስለ ምጥ ምን ልታስተምረኝ?" ብለው ስለቀሩ ሌሎቹም ቀርተው ነበር።

"ምን ትጠብቃለህ? ሩጥ እንጂ!"

እሱ ሲወርድ አሮጊቷ የማሬን እግር ከፍ አድርገው ያዙ። "ማርያም ማርያም" ከማለት በቀር ሌላ የሚያውቁት አልነበረም።

ይታየሽ በበቅሎ ደረሰች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ እጇን ታጥባ ተንበረከከች። ማሬን ደም የሚያቆም መርፌ ወጋቻትና ከእምብርቷ በታች በመዳፏ ጫን እያደረገች ታሽ ጀመር።

"እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ።" የአሮጊቷን እጅ ሳብ አድርጋ በራሷ እጅ ቦታ አኖረችው። "ይሄ ልፍስፍስ ያለው ማህፀኗ ነው። እስኪጠነክር ይሹት። እኔ ሕፃኗን ጡት ላሲዛት፤ ስትጠባ ማህፀኑ ይሰበሰባል።"

ወለተ ጊዮርጊስ አሹ። ክንዳቸው ዛለ፤ አላቆሙም። ቆይቶ ልፍስፍሱ ነገር ከመዳፋቸው ሥር እንደ ቡጢ ጠጠረ። ደሙም እየቀነሰ ሄደ። ማሬ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ "ውሃ" አለች።

አሮጊቷ ደጅ ወጡ፤ ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱ። ይታየሽ ተከትላቸው ወጣች።

"ተርፋለች እኮ እማማ። ምነው?"

"ታናሽ እህቴ እንዲሁ ደሟ ፈስሶ በእጄ ላይ ቀረች። እግዜር ጠራት ብዬ ዝም አልኩ። ለካ መታሸት ብቻ ኖሯል የቀራት?"

"መታሸት ብቻ አይደለም፤ መርፌውም ነበረበት። ያኔ ደግሞ ማን ነግሮዎት?" አለች ይታየሽ። እጃቸውን ይዛ ልቅሷቸው እስኪወጣላቸው አብራቸው ቆመች።

በተከታዩ የገበያ ቀን ወለተ ጊዮርጊስ ሊሸጡ ያመጡትን እህል ለጎረቤት አደራ ሰጡ። ከየአገሩ የመጡትን አዋላጆች ከገበያው መሃል እየለቀሙ ጤና ጣቢያው ግቢ ይዘዋቸው ገቡ። ይታየሽ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ለሁሉም መቀመጫ አቀረበች።

ትምህርቱ ሲጀመር ግን ከፃግብጂ የመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አማርኛው አልገባቸውም። ይታየሽ ደግሞ አገውኛ አትችልም። ቃሉን ደጋገመችው፤ በእጇም አሳየች። አንዲቷ ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ብድግ አለች።

"ቆይ ልጄ፣ አትቸኩዪ" አሉ ወለተ ጊዮርጊስ ይታየሽን። በርጩማቸውን አንስተው ከተማሪዎቹ መሃል ወጡና አጠገቧ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ቆመችው ሴት ዞረው፣ በአገውኛ፣

"ተቀመጪ እህቴ" አሏት። "እኔም ገና እየተማርኩ ነው።"