የሚያነብ ፊኛ ያገኛል

የክረምቱ ትምህርት የሚሰጠው ከሰፈራችን ጀርባ ባለው የግል ትምህርት ቤት ግቢ ነው። በሌላው ጊዜ ያ በር ለእኛ ተከፍቶ አያውቅም፤ ጥበቃው ገና ከሩቅ ሲያየን ነው ዱላውን የሚያነሳው። ክረምት ሲመጣና የባለ መኪናዎቹ ልጆች ሲያርፉ ግን እኛ «ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት» እንሆናለን። በሩ ይከፈታል፣ ጥበቃውም ጥርሱን ያሳየናል። ጥርሱ ያው ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያፋጭብን የከረመው።

እኔማ ሕፃን አይደለሁም። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። እማዬ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ከተሰፋው ላይ የተረፈውን ክር ስትቆርጥ ትውላለች፤ ታናሽ እህቴን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። አሁን ተመልሼ አራተኛ ክፍል ብገባ መምህሩ ራሱ «እትዬ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ስለዚህ የክረምቱ ትምህርት ውስጥ የገባሁት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ነው። በጎ ፈቃደኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ይመጣና ሕፃን አቅፎ ፎቶ ይነሳል፣ ሌላው ሳህን ያጥባል። የምንለብሰው ቢጫ ቲሸርት አንድ ነው፤ የእኔ ብቻ ጉልበቴ ድረስ ይወርዳል።

እህቴን ፍንጭት እንላታለን። በፊት ጥርሶቿ መሀል እርሳስ ያልፋል፤ አሳልፌ አይቼዋለሁ። ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መጽሐፍ አልነበረንም፣ ግን ግድግዳ ነበረን። ቤታችን ለሁለት የተከፈለው በካርቶን ነው። የሳሙናው ካርቶን «ከእርጥበት ይጠበቅ» ይላል፤ ጣሪያው የሚያፈሰው ልክ እሱ ላይ ነው። የመስታወቱ «በጥንቃቄ ይያዝ» ይላል። የፍሪጁ «ይህ ጎን ወደ ላይ» ይላል፤ አባታችን ትቶን ከመሄዱ በፊት ገልብጦ ነው የለጠፈው። ፍንጭት ያንን ያነበበችው አንገቷን ጠምዝዛ ነው።

ያስተማርኳትም እየተሳሳትኩ ነው። ጣቴን ካርቶኑ ላይ አደርግና «በጥንቃቄ ይጣል» እላለሁ። እሷ ትንጨረጨራለች። «ይያዝ ነው የሚለው፣ አንቺ ደግሞ!» ይህች ልጅ ስህተት ሰምታ ዝም ማለት አትችልም። አፏ ዳቦ ሞልቶ እንኳ ታርመኛለች፤ ፍርፋሪው ፊቴ ላይ ይበተናል።

በመጀመሪያው ቀን እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰለፉ። አስተባባሪዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትውል ሴትዮ፣ እያንዳንዱን ልጅ ካርድ ታስነብባለች። ከእኛ ፊት የነበረችው ልጅ ጥርት አድርጋ አነበበች። አስተባባሪዋ «ጎበዝ!» አለችና ፀጉሯን ዳበሰቻት፣ ቀይ ፊኛ ሰጠቻት፣ ከዚያ «ይህ ቦታ ወደ ኋላ ለቀሩት ነው የእኔ ቆንጆ» ብላ ወደ ቤቷ መለሰቻት። ልጅቷ ፊኛዋን ይዛ እያለቀሰች ሄደች። ከማብሰያው ቤት የሩዝ ሽታ እየመጣ ነበር። ሰልፉ ላይ ያሉት እናቶች ሁሉ በአንዴ ገባቸው። ያነበበ ፊኛ፣ ያላነበበ ምሳ።

እማዬ ጎንበስ ብላ ፍንጭትን ትከሻዋ ላይ ቆንጠጥ አደረገቻት። «አታውቂም። ሰምተሻል? ምንም አታውቂም።»

ፍንጭት ካርዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ አፏን ከፍታ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እኔ ራሴ ልታለል ምንም አልቀረኝም። ከእኛ በኋላ የመጣው ልጅ ሁሉ ደነቆረ። አስተባባሪዋ ራሷን እየነቀነቀች «ይህ ሰፈር ምን ያህል ቢረሳ ነው» አለች።

ፍንጭት የደረሰችው ሳቂታዋ ጋ ነው። ሳቂታዋ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች በጎ ፈቃደኛ ናት፤ ስትቆጣም ትስቃለች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ያወቁት ልጆች ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ያላወቁትን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣታቸውን ይዛ ፊደል ታስቆጥራለች። ፍንጭት ምንም አላወቀችም፤ ጭኗ ላይ ከረመች። እማዬ ማታ የምትመጣው ጣቷ በመቀስ ተልጦ ነው፣ ማንንም ለማቀፍ አይመቻትም። እኔ ደግሞ አጥንት ብቻ ነኝ።

ክረምቱ ሊጋመስ ሲል ትልቁ ነገር ተነገረ። በመዝጊያው ዕለት እንግዶች ይመጣሉ፤ ከሁሉም ይበልጥ የተለወጠውን አንድ ልጅ ትምህርት ቤቱ ራሱ እስከ መጨረሻው ክፍል በነፃ ያስተምራል። ከዚያ ከጥበቃው በር በስተጀርባ፣ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ክረምት ከበጋ። ሳህን ላጥብ ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ሳህኑን ይዤ ቀረሁ። ያ ቦታ የፍንጭት ነው። ማን ይለወጣል እንደ እሷ? ምንም ከማታውቅ ተነስታ ገልብጣ የምታነብ።

መንገድ ላይ ይዣት አስረዳኋት። «ስሚ፣ ካሁን ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ታውቂያለሽ። ዛሬ አንድ ፊደል፣ ነገ ሌላ። እንግዶቹ የመጡ ቀን ግን ሙሉውን ታነቢላቸዋለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያስቀሩሻል። ለሁልጊዜ።»

«ቲቸር ጋ?»

«አዎ» አልኳት። ሳቂታዋ ክረምቱ ሲያልቅ እንደምትሄድ አውቃለሁ። እሱን መንገር ምን ያደርጋል?

እሺ አለች። ትንሽ ትንሽም አወቀች፣ እጅግ ትንሽ። እኔ ብልጠቷ ነው ብዬ ኮራሁ።

የመዝጊያው ዕለት ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። መድረኩን ከዳር እስከ ዳር በፊኛ አስጌጡት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፤ እኔም ጉንጬ እስኪያመኝ ነፍቻለሁ። እንግዶቹ ፊት ወንበር ላይ ተደረደሩ፣ እናቶች ከኋላ ቆሙ። እማዬ ከሥራ ማስፈቀድ አልቻለችም። እኔ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ነበርኩ።

መጀመሪያ የአትክልት ሻጯ ልጅ ወጣች። እሷ የእውነት አታውቅም ነበር። እየተንተባተበች፣ በላብ ተጠምቃ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰች። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ፍንጭት ስትወጣ ይህች ትረሳለች ብዬ።

ፍንጭት ወጣች። ሳቂታዋ ካርዱን ያዘችላት። «ላሟ ሣር በላች» ይላል። ይህንን ፍንጭት በእንቅልፍ ልቧ ታነበዋለች። እሷ ግን ካርዱን አላየችም። ቀና ብላ ፊኛዎቹን አንድ በአንድ ታያለች።

«ነይ የእኔ ማር፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ» አለች ሳቂታዋ።

ፍንጭት ዓይኗን ከፊኛዎቹ አልነቀለችም። አንዱ እንግዳ ሰዓቱን አየ። አላስቻለኝም። ከበርሜሉ አጠገብ ሆኜ ጮክ ብዬ «ላሟ ዳቦ በላች ነው የሚለው!» አልኩ።

እንግዶቹ ሳቁ። አስተባባሪዋ ዞራ በዓይኗ ቀጠቀጠችኝ። ፍንጭት አፏን ስትከፍት አየኋት፤ እርማቱ ምላሷ ላይ ደርሷል፣ አንገቷ ተወጥሯል። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰችና ዋጠችው።

«አላውቅም» አለች።

ሳቂታዋ መድረኩ ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት። ቦታው ለአትክልት ሻጯ ልጅ ተሰጠ። ልጠላት ሞከርኩ፣ እናቷ ስካርፏን አፏ ላይ ይዛ ስታለቅስ አየሁና እሱም አልሆነልኝ።

ፍንጭትን እጇን ይዤ እንግዶቹ ሻይ ወደሚጠጡበት ሄድኩ። አስተባባሪዋንና ሳቂታዋን አንድ ላይ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህች ልጅ ታነባለች። ስትመጣም ታነብ ነበር።»

«ስትመጣም?» መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። «ካነበበች ለምን ገባች?»

«ምሳ ስላለ።»

«እንግዲህ የሌላ ልጅ ቦታ ይዛ ነው የከረመችው ማለት ነው። የምታነብ ከሆነ ድጋፋችን አያስፈልጋትም። የማታነብ ከሆነ አልተለወጠችም። እኔ ምን ላድርግልሽ?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ብቻ አልኩ።

«አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አራተኛ። ነበርኩ።»

የረጠቡ እጆቼን አየቻቸው። «ሳህኖቹ አለቁ?» አለች።

ሳቂታዋ ትከሻዬን ያዘች። ዓይኗ ቀልቷል። «እህትሽን እንደምትወጃት አውቃለሁ። ግን ልጅን ማስጨነቅ ጥሩ አይደለም። ሁሉም ልጅ በትምህርት አይደለም የሚያድገው፤ ማን ያውቃል፣ የእጅ ሥራ ሊሆንላት ይችላል።»

የእጅ ሥራማ እማዬም አላት፣ ልላት ነበር። ተውኩት። ስንወጣ ጥበቃው ቲሸርቱን አስወለቀኝ፤ ለሚመጣው ክረምት ነው አለ።

መንገዱ ላይ ብዙ ርቀን ነው የጠየቅኳት። «ለምንድን ነው ያላነበብሽው?»

«ፊኛዎቹን አላየሽም?»

«የምን ፊኛ?»

«ያን ሁሉ ፊኛ ሰቅለው እኮ ነበር።» እንደ ሞኝ አየችኝ። «ያነበበውን ሁሉ ፊኛ እየሰጡ ሊያባርሩ ነው። ያቺኛዋን ልጅ አባረሯት አይደል?»

«እኔ ያስቀሩሻል ብዬሽ የለ እንዴ?»

«አንቺ ነሽ ያልሽው። ቲቸር አላለችም።»

ቆምኩ። ልመታት እጄን አንስቼ ነበር፤ እጄ ላይ አሁንም ሳሙና አለ። አወረድኩት።

«ነገም እንመጣለን አይደል?» አለች። «ምንም አላውቅም እኮ።»

ቤት ስንገባ ዝናቡ ጀመረ፣ የሳሙናው ካርቶን ላይ ያፈስ ጀመር። ከሥሩ ባልዲ አደረግኩ። ፍንጭት ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ሄጄ ጣቴን የመስታወቱ ካርቶን ላይ አደረግኩ።

«በጥንቃቄ ይጣል» አልኩ።

ዓይኗ ፊደሎቹ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ጠበቅኩ። ደግሜ፣ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየነካሁ፣ «በጥንቃቄ ይጣል» አልኩ።

«እሺ» አለች ፍንጭት።