የአልጋ ድልድል

“ልጆቹ ሰፊው አልጋ ላይ፣ እኔ ጠባቡ ላይ። በቃ፣ ተደለደለ!” አለች ሾብና፣ ሻንጣዋን ግድግዳው ሥር እያስጠጋች።

የወንድሟ ሚስት ሮሺኒ ገና ከበሩ አላለፈችም ነበር። በአንድ እጇ የስንቅ ዘንቢሉን፣ በሌላው ሻንጣዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። የሾብና ልጅ ታኒሻ ጫማዋን ሳታወልቅ ነጩ አንሶላ ላይ ዘላ ወጥታ፣ ትራሱ ላይ የተቀመጠውን ቀይ አበባ ጆሮዋ ሥር ሰክታ ትፈነጥዛለች።

“ሪቲ፣ ነይ እንጂ! በመስኮቱ በኩል የኔ ነው፣ ቀድሜያለሁ!”

ሪቲካ ግን አልሄደችም። ዞር ብላ እናቷን አየቻት። ሮሺኒ ያንን አስተያየት አሳምራ ታውቀዋለች።

ሮሺኒ የራሷን ድልድል በሐሳቧ ከጨረሰችው ቆይታለች። ላውቶካ ከተማ ውስጥ የምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ተቀምጣ የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋች፣ መኪናው በተንጣጣ ቁጥር አልጋዎቹን ስታመላልስ ከርማለች። ሆቴሉ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች ይሰጣቸዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ አልጋ አለው። ሾብናና ልጇ በአንዱ ክፍል፣ እሷና ባሏ ቪኔሽ በሌላው፤ ሪቲካ እነሱ ክፍል ውስጥ በጠባቡ አልጋ ላይ። ሁሉም ልክ ይመጣል። የረሳችው ነገር ቢኖር ሁለቱን ልጆች መጠየቅ ነው። ታኒሻ ከአውስትራሊያ ከብሪስቤን፣ ሪቲካ ከላውቶካ ሆነው በየምሽቱ በስልክ ሲንሾካሾኩ የከረሙት ስለዚህ አልጋ ነበር።

ሪቲካ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንዳንድ ሌሊት ሽንቷ ያመልጣታል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን የትኛው ሌሊት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ሐኪሙ እንቅልፏ ከባድ ስለሆነ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ስታድግ ይተዋታል ብሏል። እስከዚያው ይህን የሚያውቁት እናትና አባቷ ብቻ ናቸው። ሁለቱንም እጃቸውን ራሷ ላይ አስጭና ለማንም እንዳይናገሩ አስምላቸዋለች። ሮሺኒም ላስቲክ በሁለት የጥጥ ጨርቅ መሐል አስገብታ፣ ሲገላበጡበት ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ አንሶላ ሰፍታላታለች። አሁን ሻንጣዋ ውስጥ ከሁሉም ልብስ ሥር ነው።

“እትዬ፣” አለች ሮሺኒ ድምፅዋን ለማለስለስ እየሞከረች፣ “ሪቲካ እንኳ እኛ ጋ ብትተኛ ይሻላል።”

“ለምን?”

“ጉንፋን ቢጤ ይዟታል። ታኒሻን እንዳታስይዛት ብዬ ነው።”

“የምን ጉንፋን? መንገዱን ሙሉ ጆሯችንን እስኪያመን ስትዘፍን አልነበር እንዴ!”

“ደግሞም ትራገጣለች። እንቅልፍ ላይ አትቻልም።”

“የኔዋስ ብትሆን? ይራገጡ! አህያ ለአህያ ምን ይጎዳዳሉ?” ብላ ሾብና ሳቀች። ሮሺኒ አብራት እንዳልሳቀች ስታይ ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

ታኒሻ አልጋው ላይ ተነስታ ቆመች። “እማዬ፣ ምንድነው? አብረን ነው የምንተኛው ብለሽኝ የለ!”

ይሄኔ ቪኔሽ የቀረውን ሻንጣ በትከሻው ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ስኳር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። ጫጫታ ስለለመደ ሲያወራ ይጮኻል። “ምን ያጨቃጭቃችኋል? አልጋ አልጋ ነው! ጀርባ ከተሸከመ መቼ አነሰው?”

ሮሺኒ በዓይኗ ገረመመችው። ገባውና አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እሷም “መጣሁ” ብላ ወደ እንግዳ መቀበያው ወረደች። ሌላ ክፍል፣ ወይም ሌላ ጠባብ አልጋ፣ እሱም ቢጠፋ አንድ ፍራሽ እንዲሰጧት ለመነች። እንግዳ ተቀባይዋ ሊቲያ ፊቷ የማይጨማደድ፣ ፈገግታ የማያልቅባት ሴት ነበረች።

“የኔ እህት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ አልጋ ከየት ይመጣል? የኔን ፍራሽ ሳይቀር አከራይተውታል!” አለች። “የሕፃን አልጋ ግን አለን። ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?”

“አሥራ አንድ።”

ሊቲያ ከት ብላ ሳቀች። ሮሺኒ ለመሳቅ ሞክራ አቃታት። ደረጃውን ተመልሳ ወጣች።

ሪቲካ እነሱ ክፍል መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። በሩን ዘጉት።

“እማ፣ ከታኒሻ ጋ መተኛት እፈልጋለሁ።”

“እሺ።”

“ግን አልችልም።”

“ሪቲዬ፣ ለአክስትሽ ብቻ በጆሮዋ ብነግራት…”

“ምለሻል!” ልጅቷ ድንገት ጮኸችና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ በሹክሹክታ ቀጠለች። “አክስቴ ለታኒሻ ትነግራታለች። ታኒሻ ደግሞ ስልኳ ላይ ስንት ጓደኛ እንዳላት አታውቂም። እዚያ አውስትራሊያ ሳይቀር ይስቁብኛል።”

“ታዲያ ምን እናድርግ?”

“ውሃ አልጠጣም። ከጠዋት ጀምሮ አልጠጣሁም።”

ሮሺኒ የልጇን ከንፈር ያኔ ነው ልብ ብላ ያየችው። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ መንገድ ላይ ሲንጋቶካ ከተማ ቆመው ሁሉም የኮኮነት ውሃ ሲጠጡ ሪቲካ “ሆዴ ሞልቷል” ያለችው ትዝ አላት። ከቧንቧው ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። ልጅቷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ለመነቻት። ከንፈሯን ብቻ አርሳ መለሰችላት።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መዋኛው ውስጥ ሲንቦጫረቁ ሁለቱ ሴቶች ዳር ላይ ተቀመጡ። ሾብና የፀሐይ መነጽሯን አወለቀች።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትዋሺኝ።”

“ምን?”

“ልጄ ልጅሽን እንዳታበላሽብሽ ነው?”

“እትዬ! ምን ማለትሽ ነው?”

“ማለቴማ ግልጽ ነው። ከባሌ ከተፋታሁ ወዲህ የመጀመሪያ መምጣቴ ነው። ከአውሮፕላን ከወረድኩ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ፣ እንደ ሐዘንተኛ። ቤተ መቅደስ ስንሄድ የአጎቴ ሚስት ልጇን ከታኒሻ አጠገብ አስነስታ ወሰደቻት። በዓይኔ ነው ያየሁት። እሷስ እሷ ናት አልኩ።” ሾብና መነጽሯን እግሯ ላይ አስቀምጣ መስታወቱን በጣቷ ማሸት ጀመረች። “አንቺ ግን ሮሺኒ? አንቺም?”

እውነቱ ሮሺኒ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ብትለው ይህች ሴት ከዚህ ሁሉ ቁስል ትድናለች። ቀና ስትል ሪቲካ ከመዋኛው መሐል እያየቻቸው ነው። ልጅቷ አልሰማችም፣ አትሰማምም፤ ነገር ግን ዓይኗ እናቷ አፍ ላይ ነበር።

“እኔ ነኝ፣” አለች ሮሺኒ።

“ምን አንቺ?”

“ልጄ አጠገቤ ካልሆነች እንቅልፍ አይወስደኝም። በቃ፣ እንደ በሽታ ነው። ስትተነፍስ ካልሰማሁ ሲነጋ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው። መናገሩ አሳፍሮኝ ነው ጉንፋን ምናምን ያልኩሽ።”

ሾብና ትኩር ብላ አየቻት። አንዴ የምታምናት፣ አንዴ የማታምናት መሰለች። ከዚያ ሳቋ ገንፍሎ ወጣ። ስትስቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሮሺኒን በአንገቷ ስባ አቀፈቻት።

“አንቺ ትልቅ ሴትዮ! ይሄንን ነው የደበቅሽኝ? እኔ እኮ ስንት ነገር አሰብኩ!” ዓይኗን ጠራረገች። “እንግዲያውስ ዛሬ ትለምጃለሽ። ልጅቷ እኛ ጋ፣ አንቺ ከባልሽ ጋ። ነገ ትዳር ስትይዝ ተከትለሻት ልትሄጂ ነው?”

የሮሺኒ ውሸት አንዱን ቁስል ሲያሽር በሌላ በኩል በሩን ዘግቶባት አረፈ።

እራት ላይ ሾብና እንደ ድሮዋ ሆነች። ዓሣውን በኮኮነት መረቅ እያጣቀሰች፣ ለወንድሟ እያጎረሰች፣ ጠረጴዛውን ሞላችው። “ቪኔሽ፣ ሚስትህ ያለ ልጇ እንቅልፍ አይወስዳትም አሉ! የአርባ ዓመት ሕፃን ነው የምታሳድገው ለካ!”

ቪኔሽ ግራ ተጋብቶ አፉን ከፈተ። ሮሺኒ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። አፉን በካሳቫ ዘጋው።

“አክስቴ፣ ጡጦ ይምጣልሽ?” አለች ታኒሻ።

አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ሮሺኒም ሳቀች። ጆሮዋ ጋለ፣ ግን ሳቀች። “አምጪልኝ፣ ሞቅ ያለ ይሁን፣” አለች።

ሪቲካ አልሳቀችም። ሹካዋን አስቀምጣ እናቷን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተቻት። ቀጥላ ብርጭቆዋን አነሳችና ውሃውን ሳትተነፍስ ጨለጠችው።

“ታኒሻ፣ ነይ ባሕሩ ጋ እንሂድ።”

“ገና አልጨረስኩም እኮ።”

“ነይ፣ አሁን።”

ሮሺኒ ከተቀመጠችበት ሆና ልጆቹን አየቻቸው። አሸዋው ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሪቲካ እግሯን እያየች ታወራለች፤ ታኒሻ ማኘኳን አቁማለች። ሮሺኒ ከወንበሯ ብድግ አለች። እጇ የጠረጴዛውን ልብስ ጨምድዶ ይዟል።

“ምን ሆንሽ?” አለ ቪኔሽ።

“ምንም።” ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የቀረበላትን አናናስ አልነካችውም።

ወደ ክፍላቸው እንደገቡ ሪቲካ እያለከለከች መጣች። ምንም ሳትል የእናቷን ሻንጣ ከፈተች፤ ልብሱን ገለባብጣ ያንን አንሶላ ከሥር አወጣች፤ ከፒጃማዋ ጋር ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገችው።

“ነገርኳት፣” አለች።

“ምን አለች?”

“መጀመሪያ ‘እክ!’ አለች።” ሪቲካ ጥቅሉን ብብቷ ሥር አጠበቀችው። “ከዚያ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል አንቺ ተኚ አለችኝ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ ምንም። አባዬ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።”

“ለጓደኞቿ ብትነግርስ…” ሮሺኒ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ልጇ ቀድማ አስባዋለች፤ ፊቷ ላይ ይታያል።

“ላንጥፍልሽ?”

“አይ። እኔው አነጥፈዋለሁ።”

ወጣች። ቪኔሽ ሰፊው አልጋ ላይ ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል። “ጎበዝ ናት፣” አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ። የሮሺኒ ጆሮ ግድግዳው ላይ ነው። ከወዲያ በኩል የሚጎተት ነገር ተሰማ፣ ከዚያ የታኒሻ ድምፅ፣ ከዚያ ምንም።

በሩ ተንኳኳ። ሾብና ትራሷን አቅፋ፣ በሌሊት ልብሷ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጋ ቆማለች።

“አባረሩኝ!” አለች። “የኔዋ ‘ለሁለታችን ብቻ ነው’ ትለኛለች፣ ያንቺዋ ደግሞ ‘አክስቴ፣ ለዛሬ ብቻ፣ በናትሽ’ ብላ እጄን ሳመችኝ። ምን ልበል? ወጣሁላቸው።” ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልዘለቀም። ክፍሉን ቃኘችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። “ምነው መጣሁ ግን? ባልና ሚስት ያሉበት ክፍል… እታች ሶፋ አይቻለሁ። እዚያ ጋደም እላለሁ።”

የምር ልትሄድ ነበር። ትራሷን አቅፋ እዚያ ደፍ ላይ የቆመችው፣ ከአውሮፕላን ከወረደች ጀምሮ በየቤቱ በር ላይ እንደቆመችው ነው።

“ቪኔሽ፣ ተነስ፣” አለች ሮሺኒ። “ጠባቡ ያንተ ነው።”

“እኔ? በዚህ ቁመቴ?”

“ኩርምት በል።”

ቪኔሽ እያጉረመረመ ተዛወረ። ሮሺኒ አንሶላውን አራግፋ አስተካከለች፣ ትራሶቹን ጎን ለጎን አደረገች። “እትዬ፣ ግቢ እንጂ። በየት በኩል ይሻልሻል?”

“እኔማ ግድግዳ ነው የምወደው። አለዚያ የምወድቅ ይመስለኛል።” ከዚያ ተጠራጠረች። “ወይስ አንቺ ፈልገሽዋል?”

ግድግዳው ከልጆቹ አልጋ ጋር የሚዋሰነው ነው። ሮሺኒ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዋን ለጥፋበት ለማንጋት አስባ ነበር። ወደ ግድግዳው አየች። ከወዲያ በኩል አንዷ ልጅ ሳቀች፤ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻለችም።

“ተኚበት፣” አለች፤ ሾብና እስክትገባ ብርድ ልብሱን ገልጣ ያዘችላት። ከዚያ መብራቱን አጥፍታ በወዲህኛው ዳር ጋደም አለች።