የሌለው ሦስተኛ ፎቅ

«ሦስተኛ ፎቅ የለም» አሉ ጎረቤታችን ዶኛ ፋቢዮላ፣ የለቅሶውን ቤት በር በሰውነታቸው ሞልተው።

ደጅ የቆመው ረጅም ሰው ቀና አለ። ሦስተኛው ፎቅ ከራሱ በላይ ነበር፤ ቀይ ጡብ፣ ሁለት መስኮት፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣ ፎጣ።

«ያውና!»

«እሱ የጎረቤት ነው።»

«እዚህ ቤት ላይ?»

«ዘሞ ነው።»

ከውስጥ ለጸሎት የተቀመጥነው ሁሉ፣ አዎ ዘሞ ነው በሚል ራሳችንን ነቀነቅን። በእኛ በሜደዪን ከተማ ዳገት ንጹሕ ጫማ ያደረገ፣ ሜትር የያዘ ሰው ቆሞ ወደ ላይ ካየ ከማዘጋጃ ቤት ነው። ለደንብ አስከባሪ ደግሞ እዚህ ሕፃን እንኳ እውነቱን አይናገርም።

«ለቅሶ ላይ ነን፣ ልጄ» አሉ ፋቢዮላ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ቅጣቱ ዘጠኙ የጸሎት ቀን እስኪያልቅ ይቆይልን።»

«የምን ቅጣት? ዊልማር እባላለሁ፤ ቤቱን ልገዛ ነው የመጣሁት። ከዶን ጊልዳርዶ ጋር በስልክ ተቀጣጥረን ነበር። የሉም እንዴ?»

የሟች ልጅ ኑቢያ የአይብ ዳቦ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች ከማዕድ ቤት ወጣች። ዊልማር መጀመሪያ ጥቁር ልብሷን፣ ቀጥሎ ከሻማው አጠገብ የቆመውን ፎቶ አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ካወራን ሳምንት እንኳ አልሞላም» አለ። «‹ስትመጣ በአፌ የምነግርህ ነገር አለ› ብለውኝ ነበር።»

«ስለ ቧንቧው ይሆናል» አሉ ፋቢዮላ ቶሎ ብለው። «አንዳንዴ ያፏጫል። ግባ፣ ተቀመጥ።»

ስለ ቧንቧው እንዳልሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ወደ ሦስተኛው ፎቅ የሚያወጣው የውጭ ደረጃ የሕዝብ መንገድ ላይ ገብቷል፤ ማዘጋጃ ቤቱም አፍርሱ ብሏል። እስኪፈርስ ድረስ ትዕዛዙ ከቤቱ ጋር ይኖራል፤ ቤቱን የገዛ እሱንም ገዛ ማለት ነው።

ማዕድ ቤት ውስጥ ፋቢዮላ የኑቢያን ክንድ ጨበጡ።

«አፍሽን ያዢ። አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና እየተናገሩ ስንቱን ገዢ አባረሩ! አንቺ እናትሽን አስቢ።»

ኑቢያ ከእናቷ ሌላ የምታስበው አልነበራትም። ዶኛ ሮሳልባ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር ዳገቱን የሚያወርዷቸው ጎረምሶች ናቸው፣ ከነወንበራቸው ተሸክመው። ታች፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ተገኝቷል። ይሄኛው ቶሎ ካልተሸጠ ግን ያ ለሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ዶን ጊልዳርዶ ግንበኛ ነበሩ። የዚህን መንደር ግማሽ ያቆሙት እሳቸው ናቸው፣ ያውም በሰሙነ ሕማማት። ያን ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱ ስለሚዘጋ ፈቃድ የሌለው ሁሉ አሸዋና ሲሚንቶውን አከማችቶ ይጠብቃል። «ክርስቶስ ሲሰቀል አንተ ፌሮ ታስራለህ!» እያሉ ቄሱ ይቆጧቸው ነበር። የቄሱን ማዕድ ቤት ማን እንዳሰፋው ግን አትጠይቁኝ።

ኑቢያ ልጅ ሳለች፣ የመልአክ ክንፍ አድርጋ በስቅለት ሰልፍ ስታልፍ፣ አባቷ የሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ነበሩ። አካፋቸውን አስቀምጠው በሲሚንቶ እጃቸው ያማትባሉ፤ ክንፏ ከዓይናቸው እስኪጠፋም ቆመው ያያሉ። የሌሎች ልጆች አባቶች አጠገባቸው ይሄዱ ስለነበር አኮረፈቻቸው፤ ኩርፊያውም ዓመታት ቆየ።

ትዳሯ ፈርሶ ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ ምንም አልጠየቋትም። በሚቀጥለው ሕማማት ሦስተኛውን ፎቅ ሠሩላት። ሮሳልባ፣ ደረጃው በሳሎን በኩል ይሁን ብለው ቢለምኗቸው እንቢ አሉ።

«በሳሎን ካለፈች ‹የት አመሸሽ› ትያታለሽ። ልጅቱ በራሷ በር ትግባ፣ በራሷ በር ትውጣ።»

ደረጃው መንገድ ላይ የወጣው እንዲህ ነው።

ሳሎን ውስጥ ጸሎቱ ተጀመረ። ዊልማር ተሰናብቶ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን በግድግዳውና በፋቢዮላ መካከል ተጣብቆ ተንበርክኳል። ድምፁን ከስልክ ብቻ ለሚያውቀው ሰው ነፍስ «ቅድስት ማርያም ሆይ» እያለ፣ ከሁላችንም በላይ ጮክ ብሎ ይመልሳል። ኑቢያ በሩን ተደግፋ እስከ መጨረሻው አየችው። እንዳበቃ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች።

«ስለ ቧንቧው አይደለም» አለችው።

ፋቢዮላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባቴ ሊነግርህ የፈለገው ስለ ደረጃው ነው። መንገድ ላይ ገብቷል ተብሎ ይፍረስ የሚል ትዕዛዝ አለበት። ቤቱን ከገዛህ ትዕዛዙም ያንተ ነው።»

ዊልማር ጉልበቱን አራገፈ። «ደረጃው ከፈረሰ በየት ይወጣል?»

«በሳሎን፣ ጣሪያውን በስቶ።»

«ብዙ ያስወጣል።»

«አዎ። ከዋጋው ላይ እንቀንሳለን።»

«ኧረ በማርያም!» አሉ ፋቢዮላ። ከኋላ፣ ጸሎቱ ያላለቀ የመሰላቸው አሮጊት «ለምኚልን» ብለው መለሱ።

ሮሳልባ ከወንበራቸው ሆነው፣ «አሳዪው እንጂ፣ ልጄ» አሉ። «እያየው ያስብ።»

ወጡ፤ ኑቢያ ከፊት፣ ሰውየው ከኋላ። ከቀብሩ ወዲህ የምታድረው ታች እናቷ ጋር ስለሆነ፣ በዚህ ደረጃ ስትወጣ ገና የመጀመሪያዋ ነበር። አንዱን እርከን በረገጠች ቁጥር የምትመዝነው ይመስል ቀስ ብላ ነው የወጣችው። በሯ ጋ ስትደርስ ድንገት ዞር አለችና እጇን ከበሩ በላይ ካለው አርማታ ሥር ሰደደች። የዊልማር ግንባር መዳፏን መታ።

እጇን ወዲያው አላወረደችም። የእጇ ጀርባ ሸካራው ሲሚንቶ ላይ ተለጥፎ ቆየ።

«ይሄም ደንብ መተላለፍ ነው?» አለ ግንባሩን እያሻሸ።

«አይ» አለች። «ይሄ እንኳ አባቴ አጭር ስለነበረ ነው።»