ያልደረቁት መኪኖች

ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። መቆማቸውስ ደንብ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ደብረ ታቦር ላይ የማያውቅ የለም። ችግሩ ወዲህ ነው። አግዳሚው ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ ዱካዎቹ ላይ ሳይቀር ጋዜጣ ተነጥፎ፣ በጋዜጣው ላይ ቀለም የተቀቡ የእሽቅድምድም መኪኖች ተደርድረዋል። ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ብርቱካናማ አለ፤ አንዷ እንዲያውም ግማሽ ጎኗ ቢጫ ግማሽ ጎኗ ጥቁር ነው። ትልቋ ከክንድ አትበልጥም። የቀለሙ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሐጂ ሙሐዲን ከዘራቸውን ተደግፈው አግዳሚውን አዩ፣ ሶፋውን አዩ፣ በመጨረሻ የልጅቱን አጎት አዩ።

«ሁሴን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሁሴን ምን ይበል። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ለሂክማ አባትም፣ የሚድራት ወሊም እሱ ነው፤ ለዚህች ቀን ብሎ አዲስ ኮት አሰፍቷል። ወደ መጋረጃው ዞረና ጥርሱን ነክሶ ጠራት።

«ሂክማ።»

የምትጠየቅ ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማለች እንጂ አትወጣም። ሂክማ ግን ወጣች። ጣቶቿ ላይ ገና ያልለቀቀ ሰማያዊ ቀለም ነበር።

«ጋሼ፣ አይቀመጡም ብለውኝ ነበር እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። «ወንበር ምናምን ብለሽ አትጨነቂ፣ ሽማግሌ አይቀመጥም» ያላት ራሱ ሁሴን ነው። እሷም ቃሉን እንዳለ ያዘችው። ማንም የማይቀመጥበት አግዳሚ ባዶውን ከሚውል ምን አለበት፣ ሥራዬን ላድርቅበት አለች። ጉድ እኮ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት እዚህ ከተማ ኖራ ይቺን ሳታውቅ ቀረች።

ሐጂ ሙሐዲን አልተቆጡም። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ ወንበሩን እንቢ የምንለው እኛ ነን። ወንበሩ እኛን እንቢ ካለንማ መልሱ ደረሰን ማለት ነው።»

«ኧረ ሐጂ፣ እንቢ አላልኩም» አለች ሂክማ ደንግጣ። ሽማግሌ የላከውን ሙባረክን ትወደዋለችና። ከመንገዱ ማዶ በእናቱ ጨርቅ ቤት ቆሞ ሲለካና ሲቀድ ስታየው ውላ ማታ ደግሞ የምታስበው እሱን ነው። ይሄን ቀን ስትጠብቅ ከርማለች።

«አንሺያቸው» አለ ሁሴን።

«አልደረቁም ጋሼ።»

«አንሺያቸው አልኩሽ።»

«ከተነኩ የጣት አሻራ ይቀራል። ተፍቀው እንደገና መቀባት ነው የሚሆነው። የሰው ሥራ ነው፣ ደንበኛ ያዘዘው።»

የሰው ሥራ መሆኑ ለሁሴንም ይግባው እንጂ። አባቷ ሲሞት የተወላት ሱቅ የእጅ ባትሪና የላስቲክ ጫማ ይሸጥ ነበር፤ ያውም ሲሸጥ። ከጅዳ ወንድሟ በካርቶን የላከላት የሚገጣጠም መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮት ላይ ሲወጣ ገበያው ሁሉ ሳቀ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሏት። አንድ ቀን ኢሱዙው ገሳይ መንገድ ላይ ተሰብሮበት መለዋወጫ ፍለጋ የመጣ ሾፌር መስኮቱ ፊት ቆሞ ቀረ። የትንሿ መኪና ጎማ እንደ እውነቱ ይዞራል፣ መሪዋ ይታጠፋል፣ ኮፈኗ ሲከፈት ሞተር አላት። ገዝቷት ሄደ። በሳምንቱ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። ሾፌሮቹ የሚወዱት በኮረኮንች የሚሽቀዳደመውን የራሊ መኪና ነው፤ ጭቃውን ሳይቀር ቡናማ ቀለም አስቀብተው ዳሽቦርድ ላይ ይተክሏታል። የባንክ ቤት ልጆች ጎማቸው ከጎን ወደ ውጭ የወጣውን፣ ቀጫጭኖቹን ፎርሙላዎች ይፈልጋሉ። የእብናቱ ከብት ነጋዴ የጥንቶቹን ይላል፤ አፍንጫቸው ድብልብል ያለ፣ ጣሪያ የሌላቸው፣ ነጂው በመነጽር የሚታይባቸውን። ለተማሪ ማጣበቂያ የማይፈልጉ፣ በጣት ብቻ ተጭነው የሚገጥሙ ትናንሾች አሉ። ከአንበሳሜ የምትመጣ መምህርት ደግሞ ሌሊትና ቀን የሚነዱትን ባለ ብዙ መብራቶቹን ካላገኘች አኩርፋ ነው የምትሄደው። እሽቅድምድም በዓይኑ አይቶ የማያውቅ አገር ነው እንግዲህ። መኪና ሲሽቀዳደም ያየ ቢኖር ሁለት ሚኒባስ ለተሳፋሪ ሲጋፉ ነው።

ከሐጂ ጋር የመጡት አቶ ፈንታሁን ጎንበስ ብለው ቢጫና ጥቁሯን እያዩ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ቀለም ለምኑ ነው?» አሉ።

«ከሩቅ እንዲለዩ ነው አያ ፈንታሁን። ሲሮጡ ማን ማን እንደሆነ ሌላ መለያ የለም።»

«እንደ ፈረስ ጌጥ በይኛ።»

ሐጂ ሙሐዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመጡበትን ካልተናገሩ ጨዋታው ወደ ሌላ እንደሚሄድ ገብቷቸዋል።

«የመጣነው ለደግ ነው። ለሙባረክ ሂክማን እንፈልጋለን። የልጁ እናት ወይዘሮ ሀያትም ደስተኛ ናቸው፤ አንዲት ቃል ብቻ አለቻቸው። ከኒካሁ በኋላ ይቺን የልጅ መጫወቻ ትተሽ ከሳቸው ጋር ጨርቅ ቤት እንድትቀመጪ። የኛ ሴት ልጅ ከሾፌር ጋር ስትከራከር መዋሏ አላማራቸውም።»

ሁሴን «አልሐምዱሊላህ» ሊል አፉን ከፈተ። ሂክማ ቀደመችው።

«ሙባረክስ ምን አለ?»

ልጅቷ መጠየቋ ራሱ ነውር ነው።

«ልጁ ዝም ብሏል» አሉ ሐጂ። «ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«የሱ ነቅዟል ሐጂ።»

አቶ ፈንታሁን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ሳቅ ይዟቸው ነው። ሁሴን ግን ላብ በላብ ሆነ። ሂክማ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። መናደዷን የሚያይ ሁሉ ያየዋል፤ መፍራቷንም እንደዚያው።

«አንቱን ማክበሬን አላህ ያውቃል። ሙባረክን እፈልገዋለሁ፤ ይሄን በሽማግሌ ፊት ስናገር ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም። ሱቄን ግን አልዘጋም። የአባቴን ሱቅ ከሞት ያወጣሁት በነዚህ ነው። ሰው የጉናን ተራራ ተሻግሮ የሚመጣው እነዚህን ፍለጋ ነው። ወይዘሮ ሀያት ዘንድ ቁጭ ብዬ ነጠላ አልለካም። እኔንም ሥራዬንም አብሮ የሚፈልግ ከሆነ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

«ሽማግሌ ልኮ ራሱ ይምጣ?» አሉ ሐጂ። አሁን ተቆጥተዋል።

«ወሊሽ እኔ ነኝ» አለ ሁሴን። «ዛሬ እነዚህን ሰዎች በባዶ ከመለስሽ፣ ሌላ ቀን ለማንም ቢሆን ቃል አልሰጥልሽም። እወቂው።»

ሂክማ እንደማያደርገው ታስባለች፣ ግን እርግጠኛ አይደለችም፤ ሁሴን ግትር ነው፣ በዚህ በዚህ ዘመዳሞች ናቸው።

«አውቄያለሁ ጋሼ» አለች።

ሳይቀመጡ ወጡ። ሁሴን ይቅርታ እየጠየቀ ሐጂን ተከትሎ ሄደ። አቶ ፈንታሁን ደጃፉ ላይ ዘግየት አሉ።

«ጉግስ ስጫወት ፈረሴን እንደዚህ ነበር የማስጌጠው» አሉ በቀስታ። «እናቴ ከፈረሱና ከሚስት አንዱን ምረጥ ብላኝ ነበር።»

«ምን አደረጉ?»

«ሁለቱንም ያዝኩ። እናቴ ክረምቱን ሙሉ አኮረፈችኝ። ከባድ ክረምት ነበር ልጄ፣ አልዋሽሽም።»

የገበያ ቀን ነው፤ ሱቁን ከፈተች። ማልቀስ ብትፈልግም ደንበኛ አላስለቀሳትም። የቀትሩ ዙህር ከተሰገደ በኋላ ሙባረክ መጣ። ከነፋስ መውጫ የመጣ አንድ ሾፌር የራሊ መኪናውን ቁጥር እንድትለጥፍለት ቆሞ ነበር፤ ሙባረክ እሱን አልፎ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ ጀመረ።

«ሂክማ፣ አሁን እሺ በይ። ከኒካሁ በኋላ ቀስ ብዬ እናቴን አግባባታለሁ።»

ሲጠጋት ደስ አላት፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደዳት።

«ቀስ ብለህ እስከ መቼ?»

«ታውቂያታለሽ እኮ።»

«አንተንም አውቅሃለሁ። ጨርቁን የሚቀደው መቀስ እንኳ ካንተ የበለጠ ድምፅ አለው። የምወድህን ያህል ተናድጄብሃለሁ ሙባረክ። እኔ በአጎቴና በሽማግሌ ፊት የተናገርኩትን አንተ እዚህ ሹክ ትለኛለህ? ሱቃቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። ሂድና ለሳቸው ንገራቸው። ካልነገርካቸው አትመለስ፤ እኔም አልጠብቅህም።»

ሾፌሩ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ሙባረክ ጆሮው ቀልቶ ወጣ። አስፋልቱ መሃል ላይ ቆመ። ባጃጅ ጡሩንባ ነፋበት። ከዚያ ተሻግሮ በተሰቀሉት ጨርቆች መሃል ገባ።

ሂክማ እንዲላቀቅ ውሃ ውስጥ የነከረችውን ተለጣፊ ቁጥር በወረንጦ አነሳችና የመኪናዋ በር ላይ አስቀመጠችው። ጠመመ። እንደገና አነሳችው፣ ተቀደደ።

«ሌላ አለ፣ አይዞህ» አለችው ሾፌሩን።

«እኔማ አልቸኩልም» አለ ሾፌሩ።

ሁለተኛውን ውሃ ውስጥ ስትነክር ከማዶ ጩኸት ተሰማ። ጨርቅ ቤቱ ደጃፍ ላይ የነበሩ ገበያተኞች ወደ ውስጥ ዞሩ። መጀመሪያ የወይዘሮ ሀያት ድምፅ ነበር፤ ከዚያ የወንድ ድምፅ በላዩ መጣ። ሂክማ ሙባረክ እንደዚህ ጮኾ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። ከራሷ ስም በቀር የሚለውን ልትለይ ብትሞክር የገበያው ግርግርና የባጃጅ ጡሩንባ አላስያዛት አለ። ወረንጦውን ሾፌሩ እጅ ላይ አስቀምጣ ወደ ደጅ ወጣች።