የወይዘሮ ጀማነሽ የመጀመሪያ ፕሮግራም

ወይዘሮ ጀማነሽ ትእዛዙን እንደገና ጻፉ፤ ኮምፒውተሩም እንደገና እምቢ አለ።

«በቃ፣ ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

ሊዲያ ደነገጠች። እሷና ታዲዎስ ካዛንቺስ በተከራዩአት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንት የለፉበት የአማርኛ የፕሮግራም ቋንቋ፣ «ዳዴ» ያሉት፣ ሰኞ ለሕዝብ ይለቀቃል። ሐሳባቸው ኮድ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር እንዲሠራበት ነበር። ጡረተኛዋ ወይዘሮ ጀማነሽ የቂርቆስ ጎረቤቷ ናቸው፤ ለምና ያመጣቻቸው የመጀመሪያ ተማሪ። እሳቸው ተስፋ ቆርጠው ከሄዱ፣ ዳዴ ለማን ሊሆን ነው?

«ምን ብለው ጻፉለት፣ እትዬ?»

«በየወሩ በ14 ለማኅበርተኞቼ ‹ነገ ቂርቆስ ነው› ብለህ ላክልኝ አልኩት። ምን አጠፋሁ?»

ስክሪኑ ላይ በቀይ «የዘመን አቆጣጠር አልተገለጸም» ይላል።

«የማንን ነው የምገልጽለት? ቂርቆስ በፈረንጅ ወር የሚነግሠው የት አገር ነው?»

ሊዲያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ታዲዎስን አየችው። አቆጣጠር የምታስመርጠውን መስመር ግዴታ ያደረጋት እሱ ነው።

«እንዲህ አትይኝ» አላት። «ባንክ ቤት ያለ ፕሮግራመር ሁለቱንም አቆጣጠር ይፈልጋል። ዳዴ ዝም ብሎ ከገመተ፣ ማለቴ፣ መጫወቻ ነው የሚሉን።»

«እሱ ይጻፈዋ። እትዬ ምን ዕዳ አለባቸው?»

«እሺ፣ ምርጫውን ጭራሽ ላጥፋውና ልገላግላችሁ።» ኩርፍ ብሎ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ።

ወይዘሮ ጀማነሽ እጁን ያዝ አደረጉት።

«ለኔ ብለህ አታጥፋው፣ የኔ ልጅ። አርያም ልጄ ፈረንጅ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ የኛ ቀን ሁሌ ይጠፋባታል። ለሷ በፈረንጁ እንዲነግርልኝ አንድ ቀን እፈልገው ይሆናል። ዛሬ ግን ገና በሩ ላይ ቆሞ ማነሽ አይበለኝ።»

ታዲዎስ ኩርፊያው ለቀቀው። «እስከዚያ ድረስ ሊማሩ ነዋ?»

«ታይፕ ስመታ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ምን ይሳነኛል?»

ሊዲያ ዘንድሮ ሰምታው በማታውቀው ሁኔታ ታዲዎስ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሥራውን ያዘ፤ አቆጣጠሩ ካልተነገረው ዳዴ የኢትዮጵያን እንዲይዝ አደረገ። ሁለቱን አቆጣጠር የምታስመርጠውን መስመር አልነካትም። ከጎኗ «ግዴታ» የሚለውን ቃል ብቻ አጠፋ።