ቀዩ ጣሪያ

ወይኔ፣ አጎቴ ሬይን ምን እንዳደረገ ስሙኝ! በብርዱ ወራት ባሕር ዳርቻው ላይ የነበረውን የድሮ የጀልባ ቤታችንን አፈረሰው፤ በስብሷል ብሎ!

እኛ የፋሮ ደሴቶች ሰዎች ባሕር ላይ ቦታ የምናውቀው የብሱን ምልክቶች እያየን ነው። በአንድ በኩል ቤተክርስቲያኗ ከገደሉ ጋር፣ በሌላ በኩል የጀልባ ቤቱ ቀይ ጣሪያ ከተራራው ጫፍ ጋር በአንድ መስመር ሲገጥም፣ አባቴ ከነጀልባው የሰጠመው እዚያ ነው። በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን እንጥልለታለን።

ዘንድሮም ሦስታችን በጀልባ ወጣን፤ አያቴ ሃኑስ ሞተሩን አጥፍቶ ዳርቻውን ቢያይ፣ ምልክት የሚሆነን ጣሪያ የለም።

"አንተ፣ ቤቱን ስታፈርስ ወንድምህን በምን እንደምናገኘው አላሰብክም?"

ሬይን ፊቱ ቀላ። "አባዬ፣ በጂፒኤስ እንመዝግበው ስልህ 'ዓይን አለኝ' ያለኝ ማነው?"

"ዓይንማ አለኝ! የሚያየውን ነው ያፈረስክበት!"

ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። አባቴ እንደገና የጠፋብን መሰለኝ እኮ!

"እኔን ዳርቻው ላይ አውርዱኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ጃኬቴ ቀይ አይደል? ጣሪያው እኔ እሆናለሁ!"

"ቢርና፣ አብደሻል እንዴ?" አለኝ ሬይን። አያቴ ግን ጀልባዋን ወደ ዳርቻው አዞረ።

እኔን አውርደው ወደ ባሕሩ ተመለሱ። የፈረሰው ቤት መሠረት ላይ ወጥቼ፣ ጃኬቴን አውልቄ በሁለት እጄ ከፍ አደረግኩት። ነፋሱ ሊነጥቀኝ ነበር። ጀልባዋ ጃኬቴ ከተራራው ጫፍ ጋር እስኪገጥምላቸው ወዲያ ወዲህ አለችና ቆመች። አያቴ ቆቡን አወለቀ። ጉንጉኑን የጣለው ሬይን ነው። ክንዴ ቢዝልም፣ አያቴ ቆቡን መልሶ እስኪያደርግ ጃኬቱን አላወረድኩትም።